አስካለን እንደገና መማር

ባለቤቴ ፕሮፌሰር ይርዳው ቁርስ ሳቀርብለት በከዘራው መታኝ። «አንቺ ሌባ፣ በየት ገባሽ?» አለና ደገመኝ። በሁለተኛው ምት ክንዴ ተሰበረ፤ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። በደህናው እጄ መጥበሻውን አንስቼ ፊቱን አልኩት። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ተቀመጥኩና ከዘራውን ነጠቅሁት።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በዛሬ ዘመን ሰው አንድ ነገር ተምሮ እንዲይዝ ከትዝታው አንዱን መስጠት አለበት፤ የሰጠው ትዝታ ተኝቶ ሲነሳ ይጠፋል። ይርዳው ዕድሜውን ሙሉ የእህል ገበያ ያጠና የኢኮኖሚክስ መምህር ነው፤ በሰባ ዓመቱም ትምህርት አልጠገበም። ለመጀመሪያ መጽሐፉ የእናቱን ድምፅ ሰጥቷል። ትናንት ደግሞ አዲስ የድርቅ ስሌት ተምሮ እየሳቀ ነበር የገባው።

ከኪሱ ደብተሩን አወጣሁ። በራሱ እጅ ጽፎታል፦ «አስካለን ሰጠሁ። ሁልጊዜ አጠገቤ ስላለች በቀላሉ እንደገና እማራታለሁ።»

ደብተሩን ከፊቱ ያዝኩለት። አፍንጫው እየደማ አነበበና አለቀሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ፣ እንደ እንግዳ። «እርስዎን መማር እፈልጋለሁ።»

«ተማር እንግዲህ። አስካለ እባላለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል።»

«አስካለ» አለ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የልጃችንን የሐረገወይንን ፎቶ ሲያይ ቆየ። ይህን የእሱን ፊት አውቀዋለሁ፤ ሲያሰላ ነው።

«ሐረገወይን ሐዋሳ ነው ያለችው» አለ ቀስ ብሎ። «ብዙም አንገናኝም። እርስዎን ለመማር እሷን ልስጥ?»

ከዘራውን አነሳሁ።