የአልጋ ዳር ትምህርት

ቄስና ፕሮፌሰር ሃልቮር በስትሮክ አንደበታቸው ከተያዘ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። በሉተራን የቄሶች ማሠልጠኛ ሴሚናሪ ያስተማሯት ቄስ ሶልቬግ የሚኒሶታን በረዶ ከካፖርቷ ሳታራግፍ አልጋቸው ዳር ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ከእሷ በፊት የመጡት አሥራ አንድ ተማሪዎቻቸውም እንዲሁ እጃቸውን ይዘው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሄደዋል።

"እናንተ ቄሶች ምላሳችሁን በር ላይ ነው እንዴ የምትተዉት?" አለች ነርሷ ትራሱን እያስተካከለች። "ሌላው ቢቀር የትናንቱን የሆኪ ጨዋታ ውጤት ንገሪያቸው።"

"እሳቸው ናቸው እንዲህ ያስተማሩን" አለች ሶልቬግ በሹክሹክታ። "'ታማሚ ዘንድ ስትገቡ አታውሩ፤ ዝም ብላችሁ አብራችሁት ሁኑ' ይሉን ነበር።"

ሃልቮር ይህን ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ አንድ ቀን እንኳ ታመው ተኝተው አያውቁም። የቀራቸውን ጉልበት አሰባስበው እጇን ጨበጡ፤ ተናገሪ፣ ምንም ይሁን ብቻ ተናገሪ ማለታቸው ነበር። እሷ ግን ምስጋና መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ መልሳ ጨበጠቻቸውና ነርሷንም ዝም እንድትል በዓይኗ ለመነቻት።