ሰዓቱ ካለቀ በኋላ

ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ፣ ባልና ሚስት ሳይካሰሱ በስምምነት እንዲፋቱ የሚያግዙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እየሠለጠኑ ነበር። ለልምምዱ ከሠልጣኞቹ አንዷ ማርሊስ ሚስት ሆና ተቀመጠች። ባሏን የሚጫወተው ኦሪን ከሌላ ከተማ፣ ከዱሉዝ፣ የመጣ ባለሙያ ነው፤ ከዚያን ዕለት ጠዋት በፊት አይታው አታውቅም።

"ሳትነግራት የቀረኸውን ንገራት" አለችው አሰልጣኟ።

ኦሪን ትንሽ አሰበ። "ማታ ማታ ስታለቅሺ እሰማሽ ነበር" አላት። "የተኛሁ መስዬ ዝም አልኩሽ። የምልሽ ጠፍቶኝ ነው። ይቅር በዪኝ።"

አንዳንዶቹ አጨበጨቡለት። ማርሊስ ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ቀረች። እውነተኛው ባሏ ትቷት ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ እስከ መጨረሻው ፊርማ ድረስ ከአፉ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር።

"እስቲ ድገመው" አለችው።

"ማርሊስዬ፣ ሰዓታችን እኮ አልቋል" አለች አሰልጣኟ እየሳቀች።

"አውቃለሁ። አንዴ ብቻ ይድገመው።"

ኦሪን ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋትና፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ደገመላት።

ማርሊስ ዓይኗን ጨፈነች።

"ምነው፣ እስካሁን የት ቆየህ?" አለችው።