የአይጧ ጠርሙስ

«መድኃኒትሽ ገደል ይግባ!» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ተመራማሪዋ ከሳምንት ፈቃድ ተመልሳ ገና ጋዋኗን ሳትለብስ። አንጎል ራሱ የሚያመነጨውን የሚያረጋጋ ንጥረ ቅመም የሚያበረታ፣ በጭንቀት የሚጠጡ አይጦችን ከአልኮል የሚያስጥል መድኃኒት ነበር የሠራችው። «አይጥሽ እንደሆነች ለይቶላታል! ማታ ማታ አልኮሏን የምሞላላት እኔ፤ ጠዋት ስመጣ ጠርሙሱ ባዶ!»

ደሟ ፈላ። ከአፋቸው የሚወጣው የሚንት ከረሜላ ሽታ ይብሱን አንገሸገሻት። ቁልፉን ከእጃቸው መንጭቃ የአይጦቹን ክፍል ከፈተች።

አይጧ የሽቦ ሣጥኗ ጥግ ላይ ከሞተች ቀናት ሆኗት፣ እንደ እንጨት ደርቃለች። ምግቧ አልተነካም፤ የውሃዋ ጠርሙስም ጢም ብሎ እንደሞላ ነው።

ፕሮፌሰሩ ከኋላዋ ሆነው፣ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ባዶውን የአልኮል ጠርሙስ እያሳዩ ጮኹ፦

«አየሽ አይደል? ዛሬም አልማረችውም!»