ሰባት ቤት በጥርስ ሥር

ለጋብቻ ሰባት ቤት በአፍ መቁጠር ቀርቷል፤ አሁን ዝምድና የሚታየው በጥርስ ሥር ምስል ነው። ለማልፈልገው ልጅ ሽማግሌዎች መጡና «ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝና ምስሎቹን እንዳቀርብ አባቴ አዘዘኝ። የእኔና የልጁ የመንጋጋ ጥርስ ምስሎች ከጠረጴዛው በላይ ተንሳፍፈው ዞሩ።

«ከሥሩ ቦዮች ቀጭኗ አራተኛዋ እንኳ አንድ ናት!» አለ አባቴ ደንግጦ። «እነዚህማ እህትና ወንድም ናቸው!»

ሽማግሌዎቹ አባቴን በጎሪጥ እያዩ፣ አማትበው ወጡ።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «በአሥር ዓመትሽ ያስሞላሁልሽ ቀዳዳ ሁለቱም ጥርስ ላይ አለ። ሁለቱም ያንቺው ናቸው።»

ምስሎቹን ቶሎ አጠፋሁ።

«አይዞሽ» አለችና አባቴን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «ይሄ መላ በእኔ ጊዜ የት ነበር?»