«አጠገብ» የሰማው ነገር

«አጠገብ» ጎባ የገባው በመስከረም ነው። አንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ያወጣው አዲስ ማኅበራዊ ሚዲያ ነበር፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሠራል። «ሰፈርዎ» በሚለው ገጹ ላይ የጎባና የሮቤ ሰው የለጠፈው ሁሉ ይታያል፦ የጠፋች ላም፣ የሚከራይ ቤት፣ የሠርግ ፎቶ። ጥቅምት ሳይጋመስ የጎባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ስልካቸው ላይ ጭነውት ነበር።

የኮምፒውተር መምህሩ ፍቅረየሱስ አልጫነውም።

«ነፃ የሚባል ነገር የለም» ይላል መምህራኑ የሚያርፉበት ስታፍ ሲገባ። «ማይክሮፎኑን ፍቀዱልኝ ሲላችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቃችኋል? የምታወሩትን ይሰማል። ሰምቶ ለነጋዴ ይሸጣል።»

«እኔን ሰምቶ ምን ሊያገኝ?» አለች ምክትል ዳይሬክተሯ ሐመልማል። «ቀኑን ሙሉ የማወራው ስለ ድንች መወደድ ነው።»

ስታፉ በሙሉ ሳቀ። ማስረጃ አምጣ አሉት። አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲገባ አንዱ ስልኩን አንሥቶ «ቀስ በሉ፣ እየሰማን ነው» ይላል፤ ሌላው ስልኩን በጋቢው ይሸፍናል። ፍቅረየሱስ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። ሲሳቅበት ጆሮው ይቀላል።

ከሳቁት አንዱ የሒሳብ መምህሩ ከማለዲን ነው። የእሱ ሳቅ ግን ክፋት የለውም። የደሎ መና ልጅ ነው፤ ሁለቱም የሚኖሩት ሮቤ ስለሆነ ከሥራ ሲወጡ በአንድ ሚኒባስ ይሄዳሉ። ጎባ ውስጥ ሒሳብ የሚወድ ልጅ ካለ ያስወደደው ከማለዲን ነው ይባላል።

በኅዳር አንድ ከሰዓት ወደ መናኸሪያው እየወረዱ ሳለ ከማለዲን ባሕር ዛፎቹ ጋ ቆመ።

«ፍቅሬ፣ ለሰው ያልነገርኩት ነገር አለ።»

«ምን ሆንክ?»

«የሙያ ብቃት ምዘናውን ወደቅሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን ሒሳብ ወደቅሁ።» አንገቱን ደፋ። «ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።»

ፍቅረየሱስ ትከሻውን ያዘው። «ትደግመዋለህ። ማን ያውቅብሃል?»

«ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ ብቻ።»

ሚኒባስ ተሳፍረው ሮቤ ገቡ።

በአምስተኛው ቀን፣ ገና በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ከማለዲን ጠመኔ በእጁ እንደያዘ ስታፍ ገባ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሐመልማል አነሣችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ውድ መምህር ከማለዲን፣ የብቃት ምዘናውን ባለማለፍዎ አዝነናል። ለድጋሚ ፈተና የሚረዱ የሒሳብ መጻሕፍት…» እዚያ ላይ አቆመች። ከጽሑፉ በላይ የኩባንያው ዓርማ አለ። የወጣውም «ሰፈርዎ» በሚለው ገጽ ላይ ነው፤ ጎባ በሙሉ ያየዋል።

«እውነት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ከማለዲን ጠመኔውን እያየ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ለማን ተናግረህ ነበር?»

«ለፍቅረየሱስ ብቻ። መንገድ ላይ።»

«ስልክህስ?»

«ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።»

አንዷ መምህርት ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሌሎቹም ተከተሏት። ከዚያ ሁሉም መስኮቱ ጋ ወደ ቆመው ወደ ፍቅረየሱስ ዞሩ።

«ብያችሁ ነበር» አለ። ዐይኑን ከመስኮቱ አላነሣም።

በማግስቱ ሐመልማል ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሰዓት ተማሪው ሁሉ ፊት አቆመችው። «ሁላችንም ስቀንበታል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ይቅርታ እንጠይቀዋለን» አለች። እሱም ስለ ማይክሮፎን ፈቃድ አሥር ደቂቃ ተናገረ። አጨበጨቡለት። እሱ ግን ከማለዲን ወደ ቆመበት በኩል አንድ ጊዜ እንኳ አላየም። ምሳም አልበላም። ለጓደኛው አፍሮ ነው ተባለ።

መተግበሪያውን ያላጠፋ መምህር አልቀረም። ለከማለዲን ግን ዘግይቶ ነበር። አንድ ጠዋት አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ሰሌዳው ላይ «ቲቸር፣ እናስጠናዎት?» የሚል ጽሑፍ ጠበቀው። የሳቀ አልነበረም፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረ ደወል እስኪደወል ቆመ። በዚያው ሳምንት የሥራ መልቀቂያ አስገባ። ደሎ መና ወንድሙ ቡና ይነግዳል፤ ከእሱ ጋር ልሠራ ነው አለ።

የሸኘው ፍቅረየሱስ ነው። ጉሙ ከሳነቴ ደጋ ወርዶ መናኸሪያውን ሸፍኖታል። ሻንጣው አውቶብሱ ላይ ተጭኗል፤ ረዳቱ «መና! መና!» ይላል።

«አንድ ነገር ሳልነግርህ አልሄድም» አለ ከማለዲን። «ያን ቀን አንተን ጠርጥሬ ነበር። ወላሂ፣ ሌላ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ስንቴ እያስጠነቀቅከን ስንስቅብህ የኖርን ሰዎች፣ መልሰን አንተኑ መጠርጠር! አፉ በለኝ፣ ወንድሜ።»

«ከማለዲን…» አለ ፍቅረየሱስ።

ጥሩምባው ጮኸ።

«አፉ በለኝ ብቻ።»

«አፉ ብዬሃለሁ።»

ከማለዲን አቀፈው፤ በአፋን ኦሮሞ «ነጋቲ» ብሎ ተሰናብቶት ተሳፈረ። አውቶብሱ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ፍቅረየሱስ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ፤ የኮምፒውተር ክፍሉን ከውስጥ ቆለፈ፤ በኩባንያው ዓርማ የከፈተውን የሐሰት ገጽ አወጣና «ውድ መምህር ከማለዲን» ብሎ የጻፈውን መልእክት አጠፋው።