አንባቢው ዝም ያለ ጠዋት

ሁሉም ነገር ጆሮ ላይ በሚሰካ አንባቢ መሣሪያ መነገር ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ፊደል የሚቆጥሩት እንደ ወይዘሮ ደብሪቱ ያሉ ጥቂት ግትር ሰዎች ብቻ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ግን አንባቢው ዝም አለ። የልጅ ልጃቸው በትኩሳት እየነደደ፣ ጽሑፍ ከሌለበት የመድኃኒት ጠርሙስ ስንት ጠብታ እንደሚሰጥ የሚናገር ጠፋ።

«የድምፁ ክፍል ሌሊቱን ታድሶ ከቀረው ጋር አልገጥም ብሏል» አለች ልጃቸው ትርሲት፤ ሥራዋ አንባቢ መጠገን ነው። «ወደ ድሮው ልመልሰው ስል በመጠገኛዬ መስታወት ላይ ሁለት ጽሑፍ አወጣልኝ። አንደኛው መመለሻ ነው፤ ሌላው ግን ሁሉን ያጠፋል። የቱ የቱ እንደሆነ ማንበብ አልችልም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጣታቸውን ከአንዱ ቃል ሥር አኖሩ።

«መ... ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል...»

«እማዬ፣ የግድ ከመጀመሪያው መነሳት አለብሽ?»

«ካልተነሳሁ ይጠፋብኛል፤ ዝም በይ! ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ። መልስ! እሱን ንኪው።»

ትርሲት ነካችው። «አምስት ጠብታ» አለ አንባቢው።

ሕፃኑ መድኃኒቱን ውጦ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ትርሲት አንባቢዋን ከጆሮዋ አወለቀችና ፊደል የተጻፈበትን የእናቷን ደብተር ገለጠች።

«ከየት ነው የሚጀመረው?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጣቷን ያዙ።

«ከመጀመሪያው» አሏት።