ሦስተኛው ክረምት

መስከረም 3 ቀን 2112 ዓ.ም. ጠዋት በአዲሱ ቤት ሳሎን የነበርነው ሦስት ነን፦ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አሰገደች፣ መምህሬ ዶክተር ፍስሐ እና እኔ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ በነደፈው ቤት ከቤቱ ባለቤቶች ጋር አንድ ክረምት ካልኖረና ባለቤቶቹ ካልፈረሙለት ሁለተኛ ዲግሪ አያገኝም። የእኔ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። የመጀመሪያው ቤቴ አፈሰሰ፤ የሁለተኛው ቤቴ ደረጃ አንዲት አሮጊት ጣለ።

"ይህኛውስ አፈሰሰ?" አሉ መምህሬ።

"ጠብታ አልገባም" አሉ ወይዘሮ አሰገደች። "ግን ሰኔ ላይ ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር ሳሎን የተቀመጠ ሁሉ ያለቅስ ነበር። ጎረቤቶቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነጠላ አዘቅዝቀው መጡ!"

አንገቴን ደፋሁ።

"ታዲያ አይፈርሙለትም?"

"ቆይ እንጂ ዶክተር! ይሄ ዓይን አፋር ልጅ ምንም ሳይናገር መዶሻ ይዞ ገባና የወጥ ቤቱን ግድግዳ ቀዶ መስኮት አወጣልኝ። ወረቀቱን ወዲህ በሉ።"

ፈረሙ። እፎይ አልኩ። ሦስት ክረምት በሰው ቤት የከረመውን የጥርስ ብሩሼን ከመታጠቢያው ላይ አንስቼ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። አልጋዬ በነበረበት ቦታ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቆሟል። አጠገቡ ፍራሽ አንጥፌ ከሰዓቱን ሙሉ ተኛሁ።